ውኃ የማይፈራ ፍሬን

ሰው ሞቶበት ያላለቀሰ ሰው ጎንደር ውስጥ ሁለት ስም ይወጣለታል፤ ወይ ጀግና ይሉታል፣ ወይ ድንጋይ። ወንድምአገኝን ሁለቱንም ብለውታል። ታናሽ ወንድሙ ዝማሬ ሊማሊሞ ላይ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከዓይኑ አንዲት ጠብታ አልወጣችም። ለቅሶው ላይ ሴቶቹ ደረት ሲደቁ እሱ ጥግ ይዞ የድንኳኑ ገመድ መላላቱን ሲያይ ነበር። ወጥ ሲቀርብለት ይበላል፤ ጨው ይብዛ ይነስ አያውቅም። ቀልደኛ ሲመጣ ይስቃል፤ ሳቁ ከአንገት በላይ ነው። «ወንድ ማለት እንዲህ ነው» አለ ሰፈሩ። ሰፈር መቼም ሳያውቅ መፍረድ ይወዳል።

ሥራው መካኒክነት ነው። ጋራዡ ከአራዳ ወደ አዘዞ በሚያወርደው መንገድ ዳር ነው፤ ቆርቆሮ በር፣ ዘይት የጠጣ መሬት፣ ግድግዳው ላይ የሩፋኤል ሥዕል። ጓሮው ውስጥ ሸራ ለብሳ የቆመች አንዲት ላንድሮቨር አለች። ዕድሜዋ ከወንድምአገኝ ይበልጣል። ድሮ ወባ ለማጥፋት በየገጠሩ የሚዞሩ ሠራተኞች ይነዷት ነበር፤ በጨረታ ወጥታ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ኖረችና በመጨረሻ ዝማሬ ገዛት። ከመጣችበት መሥሪያ ቤት የተነሣ ሰዉ «ወባ» ይላታል። ጠዋት ጠዋት ሞተሯ ሲነሣ እንደ በሽተኛ ትንቀጠቀጣለችና ስሙ ተስማማት። ዝማሬ ከደባርቅ አዲ አርቃይ ሰው ይጭንባት ነበር። መንገዱ ሊማሊሞ ነው፤ ከደጋው አፋፍ ተነሥቶ በገደል ጥግ እየተጠማዘዘ ቆላ የሚወርድ፣ ለሹፌር ጸሎት የሚያስተምር መንገድ።

ወባ ከአደጋው በኋላ ተጎትታ እዚህ ጓሮ የገባች ሰሞን ወንድምአገኝ ጎማዎቿን ፈትቶ አይቷት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አልነካትም። በሐምሌ መጨረሻ ግን የዝማሬ ሚስት ሕይወት ከአዲ አርቃይ መጣች። ጥቁሯን አልቀየረችም። ሻይ ቢያዝላት አልነካችውም፤ ጎማ ላይ ተቀምጣ በቀጥታ ወደ ነገሯ ገባች።

«አያ ወንድምአገኝ፣ ማኪናይቱን ሥራልኝ።»

«ልትሸጫት ነው?»

«ምን ቆርጦኝ! እኔና ልጆቼ ከሷ በቀር ምን አለን? በላቸው የሚባል ሹፌር አግኝቻለሁ፤ ሸጋ ሰው ነው፣ ረጋ ያለ። ለሩፋኤል ትድረስልኝ። የዝማሬ ሙት ዓመት ነው።»

«አባ ተዝካር የለም ብለዋል እኮ።»

«ይበሉ። እኔ ንፍሮም ቢሆን ቀቅዬ አፋፍ እወጣለሁ። ሰው ባይቀምሰው ወፍ ይበላዋል።»

አባ የሚሏቸው የወንድምአገኝና የዝማሬን አባት ነው፤ ቄሰ ገበዝ ገብረ ኢየሱስን። ከደባርቅ ወዲያ፣ ደጋው አልቆ ገደሉ በሚጀምርበት ጫፍ ላይ ያለችው የአፋፍ ሩፋኤል ቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪ ናቸው። በሥርዓት ቀልድ የማያውቁ፣ ሰው ሲያያቸው ነጠላውን የሚያስተካክልላቸው ዓይነት ቄስ ናቸው። ዝማሬ ወጣት ሳለ አረቄ ወድዶ ነበር። አንድ ቀን ሰክሮ ደጀ ሰላም ተኝቶ ቢያገኙት፣ ሲነቃ በመስቀላቸው ገዘቱት፤ ዳግመኛ አረቄ ከአፉ እንዳይገባ። እሱም ግዝቱን ተቀበለ፤ ከዚያ ወዲህ ሠርግ ላይ እንኳ ውኃ ሲጠጣ ነው የሚታየው። ባለፈው ዓመት በሩፋኤል ዕለት ሲሞት ግን ተሳፋሪዎቹ «ማኪናዋ ግራና ቀኝ ትንገዋለል ነበር» አሉ። የሚንገዋለል ምንድን ነው? ሰካራም ነዋ። ወሬው ከአፋፍ ደባርቅ፣ ከደባርቅ ጎንደር ለመድረስ አንድ ገበያ ቀን በቃው፤ «የቄሰ ገበዙ ልጅ ግዝት አፍርሶ ሞተ» ተባለ። ቄሰ ገበዝ ፍትሐቱን አደረሱለት፤ ቀበሩት፤ ከዚያ ስሙን ተዉት። በጸሎት የሙታን ስም ሲጠሩ የልጃቸው ስም ላይ ሲደርሱ ያልፉታል። ለሕይወት «ግዝት ላፈረሰ ተዝካር አይወጣም» ያሏት በራሳቸው አንደበት ነው።

ሕይወት ከጎማው ላይ ተነሥታ ነጠላዋን አራገፈች።

«አልጠጣም ነበር» አለች። «ጠዋት አብሬው ነበርሁ፤ ከጠበል በቀር አልቀመሰም። ሁሉም ሚስቱ ስለሆንሽ ነው ይሉኛል። አንተ ግን ጎማዎቹን ፈትተህ አይተሃል። ምን አገኘህ?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«ምንም አላገኘሁም አልሁሽ እኮ።»

አየችው፤ ቦርሳዋን አነሣች፤ ሄደች። ወንድምአገኝ የቀዘቀዘውን ሻይ ራሱ ጠጣው። መጣፈጡን አላወቀም።

ውሸቱን ነው። አግኝቷል። እንዲያውም ከማግኘቱ በፊት ያውቅ ነበር፤ ሰውየውን ያደነዘዘው ነገርም ይኸው ነው።

ጳጉሜን ሦስት፣ ሩፋኤል፣ በደጋው ዘንድ ሰማይ የሚከፈትበት ቀን ነው። የሚዘንበው ዝናብ፣ የሚወርደው ጅረት ሁሉ ጠበል ነው፤ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ሰው ሁሉ ይጠመቃል፣ ከብቱም ይረጫል። ባለፈው ዓመት ወንድምአገኝ ለበዓሉ አፋፍ ወጥቶ ነበር። ከበዓሉ በፊት የወባን አራት ጎማ ፈትቶ አዲስ የፍሬን ሸራ አልብሷት ስለነበር ኩራት ቢጤ ተሰምቶታል። ቅዳሴ እንዳለቀ ቄሰ ገበዝ መኪናዋን አዩና «ገደል ለገደል የምትውል ፍጥረት ናት፤ እሷንም እናጥምቃት» አሉ። ሕዝቡ እልል አለ። ዝማሬ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ያለው ጅረት ውስጥ ነዳት፤ ውኃው የጎማዋን ግማሽ ዋጠው። ቄሰ ገበዝ ልብሰ ተክህኗቸውን ሰብስበው፣ ባዶ እግራቸውን ጅረቱ ገብተው በየጎማው ላይ በማንቆርቆሪያ እያፈሰሱ ደገሙላት። ደግሞ አያጓድሉም፤ አራቱንም ጎማ አዳረሱ። እሷም እስኪያልቅ ውኃ ውስጥ ቆመች።

የድሮ መኪና ፍሬን ታምቡሮ ነው። እንደ ድስት የተከደነ ብረት ከጎማው ጋር ይዞራል፤ ድስቱ ውስጥ ደግሞ ሸራ የለበሱ ሁለት ማጭድ መሰል ብረቶች አሉ። ፔዳሉ ሲረገጥ እነዚህ ተገፍተው የድስቱን ግድግዳ ከውስጥ ይይዙታል። ውኃ ከገባበት ሸራው ይረጥብና እንደ ሳሙና ይንሸራተታል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሹፌሩ ሜዳ ላይ ፔዳሉን ረገጥ ረገጥ እያደረገ ትንሽ መንገድ ቢሄድ ሸራው ሞቆ ይደርቃል። ወንድምአገኝ ይህን ያውቃል። ጅረቱ ዳር ቆሞ አባቱ ውኃውን ሲያንቆረቁሩ ሲያይ አንዲት ነገር ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር፤ «አባ፣ ይበቃል፣ ፍሬኑ ውኃ አይወድም» የምትል። ግን እንዴት ይባላል? በሕዝብ ፊት፣ በሩፋኤል ዕለት፣ ለቄሰ ገበዝ፣ ያውም ለአባት፣ ጠበልዎ ያበላሻል ይባላል? ቄስ ያሳደገው ልጅ እንዲህ ያለውን ቃል ከመናገር ምላሱን ቢነክስ ይመርጣል። ለዝማሬ በጆሮው እነግረዋለሁ ብሎ አሰበ። ከጅረቱ ሲወጡ አባቱ «ና ይኸን ጥላ ያዝ» አሉት፤ ጥላውን ይዞ እስከ ዕቃ ቤት ሸኛቸው። ሲመለስ ዝማሬ የአዲ አርቃይን ሰዎች ጭኖ ሄዷል። አፋፍ ላይ ሜዳ የሚባል ነገር የለም፤ ከቅጥሩ እንደወጡ መንገዱ ወደ ታች ነው።

ዝማሬ ከላይኞቹ ኩርባዎች አንዷ ላይ፣ ሰፊዋ ላይ፣ ፍሬን ያዘ። የቀኙ ጎማ ነከስ አደረገ፣ የግራው ሸሸ፤ ወባ ወደ ቀኝ፣ ወደ ገደሉ ተሳበች፣ መሪውን ሲመልሰው ወደ ግራ ተንሸራተተች። ከኋላ የተቀመጡት ያዩት መንገዋለል ይኸ ነው። በመጨረሻ ሌላ መላ ሲያጣ መሪውን ጠምዝዞ በራሱ በኩል ከዓለቱ ጋር አጋጫት። ከተሳፋሪው ከወለምታ ያለፈ ጉዳት የደረሰበት የለም። እሱ ብቻ ሞተ። ሰካራም እንዲህ አያስብም ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አልተገኘም፤ ወሬ ሲጣፍጥ ማን ያላምጠዋል።

መኪናዋ ጎንደር በተጎተተች ጊዜ ወንድምአገኝ ብቻውን ታምቡሮዎቹን ፈታ። በግራው ውስጥ የጅረቱ ደለል ሸራው ላይ እንደ ቅባት ተለጥፎ ነበር። በቤንዚን የተነከረ ጨርቅ አንሥቶ ጠረገው። ቢናገር አባቱን በቁማቸው ይገድላል፤ ዝም ቢል የሞተ ወንድሙን ስሙን ይገድላል። ከሁለቱም በታች ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነበረች፤ «አንተስ የት ነበርህ?» የምትል። ያቺን እንዳይሰማ ይመስላል ሌላውንም ሁሉ መስማት ያቆመው።

ሕይወት በሄደች ማግስት ሸራውን ከወባ ላይ ገፈፈ። የተጨራመተውን በርና ክንፍ ለቆርቆሮ ሠራተኛ ሰጠ። የፊቱን ፍሬን ግን ለማንም አልሰጠም፤ ታምቡሮዎቹን መዶሻ ይዞ ነቀላቸው። ዝገት ይዟቸው እምቢ ሲሉት ሳይናደድ መታቸው፣ እስኪወጡ መታቸው። አንዲት የወደቀች፣ የኋለኛ ዘመን ላንድሮቨር የብረት ነጋዴ ግቢ ውስጥ አይቶ ስለነበር የፊት ጎማዎቿን ማዕከል ከነዲስኩ ፈትቶ አመጣ። ዲስክ ማለት ከጎማው ጋር የሚዞር ዝርግ ብረት ነው፤ እንደ ሰፌድ የተገለጠ፣ ክዳን የሌለው። ካሊፐር የሚሉት መቆንጠጫ ግራና ቀኝ ፓድ የሚባሉ ሁለት ሸራዎች ይዞ ጨምቆ ያቆመዋል። ውኃ ቢነካው ዙሩ ራሱ አራግፎ ይጥለዋል፤ የቀረውን ፓዱ ይጠርገዋል። ኋላውን በታምቡሮ ተወው። ቁልቁለት ላይ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ስለሚመጣ ነፍስ የሚያድነው የፊቱ ነው።

ዕቃው ግን ሁሉ በእጅ አይገባም። አሮጌው ዲስክ ፊቱ ተቧጥጦ ነበርና ብረት ከሚልጡበት ቶርኖ ቤት ወስዶ አስላጠው። የጎማውን መዞሪያ ኩሽኔታ ቀየረ። የፍሬን ዘይት የሚሄድባቸውን ቱቦዎች በአዲስ ተካ። ዘይት ሞልቶ አየሩን ሲያወጣ የሰፈሩ ጎሚስታ ታከለ ፔዳል እየረገጠ አገዘው፤ ታከለ አፉ ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

«ምነው እንዲህ ደከምህላት?» አለው። «ለአሮጊት ጥርስ ማስተከል ነው እኮ!»

ወንድምአገኝ ሳቀ። «ርገጥ» አለው።

ሙከራውን ወደ ጠዳ በሚወስደው ሜዳ አደረገ። ወባ ፍሬን ስትይዝ ቀጥ ብላ ቆመች። ትንሽ ሄዶ ግን ጎማው ከበደው፤ ሽታ መጣ። ወርዶ ዲስኩን በውኃ ቢረጨው ጢስ ሆነ። እግሩን ከፔዳሉ ቢያነሣም ፍሬኑ አለቀቀም ማለት ነው። መንገድ ዳር ተቀምጦ ሲያስብ ምክንያቱን አገኘው። ዘይቱን የሚገፋውን የድሮውን ፖምፓ ሳይቀይር ነው የተወው፤ የታምቡሮ ፖምፓ ደግሞ በተፈጥሮው ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አይመልስም፣ ጥቂት ግፊት ይዞ ያስቀራል። ለታምቡሮ ይሄ ጥቅም ነው፤ ዲስክ ላይ ግን መቆንጠጫው ሳይላቀቅ ይቀራል። መካኒክ ሆኖ ይህን መርሳቱ ቢያስደነግጠው ደግ ነበር። አልደነገጠም። እስኪበርድ ጠበቀ፣ እያዘገመ ተመለሰ፣ ከዚያው ከወደቀችው መኪና ፖምፓውንና የፔዳል ማቅለያውን ሰርቮ አምጥቶ ቀየረ። ሁለተኛ ሲሞክራት ያዘችም፣ ለቀቀችም።

በሩፋኤል ዋዜማ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቀው፣ በላቸው እየነዳ ወንድምአገኝ አጠገቡ ተቀምጦ ወደ ሰሜን ተነሡ። በላቸው ገና በሠላሳዎቹ ያለ፣ ከደባት የመጣ ትሑት ሹፌር ነው፤ የዝማሬን ነገር በዝርዝር አያውቅም። «አያ፣ ፍሬኗ ቂቤ ነው» እያለ ደስ ሲለው ነበር። ወንድምአገኝ በመስኮት የተዘራውን ገብስ ያይ ነበር፤ አየው እንጂ አላስተዋለውም።

በማግስቱ አፋፍ ጉም ውጧታል። ከላይ ካፊያ ይወርዳል፣ ሕዝቡ ከጅረቱ ወጥቶ እየተንቀጠቀጠ ነጠላውን ይጨምቃል። ሕይወት ከአዲ አርቃይ በሌላ መኪና መጥታ፣ ንፍሮዋን በሰፌድ ዘርግታ ከቅጥሩ ውጭ ተቀምጣለች። የሚያልፈው ሰው «እግዜር ያጥናሽ» ይላታል፤ እጁን ወደ ሰፌዱ የሚሰድ ግን የለም። ቄሰ ገበዙ የለም ያሉትን ተዝካር ማን ደፍሮ ይቀምሳል። እሷም ማንንም አልለመነችም፤ ዝናቡ ንፍሮውን እንዳይመታው በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነችው።

ቄሰ ገበዝ ከቅዳሴ ወጡ። በአንድ ዓመት ውስጥ ጎብጠዋል፤ ዓይናቸውም ደክሞ ሩቁ ብዥ ይልባቸዋል። ወባን ሲያዩ ቆሙ። ሊመለሱ ሲሉ በላቸው ሮጦ ጉልበታቸውን ሳመ።

«አባ፣ በዚች ማኪና ሰው ስጭን ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ጠበል ይርጩልኝ።»

እምቢ ማለት አልቻሉም፤ የማያውቅ ሰው ነው፣ ቀኑም ቀን ነው። ማንቆርቆሪያውን አስመጡ። ሕዝቡ ከበበ። ወንድምአገኝ ከመኪናዋ አፍንጫ አጠገብ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሟል። ቄሰ ገበዝ ወደ ፊተኛው ጎማ ጎንበስ አሉና በቸርኬው ቀዳዳ የሚያብረቀርቀውን ብረት አዩ።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«ዲስክ ይባላል፣ አባ። አዲስ ፍሬን ነው።»

እጃቸውን ሰብሰብ አደረጉ፤ አዲስ ዕቃ እንዳያበላሹ የፈሩ ይመስላሉ። «ውኃ ቢነካው ግድ የለም?»

«ግድ የለም፣ ያፍስሱ» አለ ወንድምአገኝ፤ ለማንም ደንበኛ እንደሚመልሰው። «ይኸኛው ውኃ አይፈራም።»

ቄሰ ገበዝ ማንቆርቆሪያውን አዘነበሉ። ውኃው ዲስኩን መታው፣ ተንጠባጠበ። ከዚያ ቀና ሳይሉ፣ ውኃውን ማፍሰስም ሳያቆሙ፣ ሕዝቡ በማይሰማው ዝቅ ያለ ድምፅ ጠየቁ።

«ያኛውስ?»

ወንድምአገኝ አፉ የሠራውን ያወቀው ይኼኔ ነው። መዋሸት ይችል ነበር፤ ዓመት ሙሉ ለምዶታል። ግን ውሸቱን ቢፈልገው ከየትም አልመጣ አለው።

«ያኛው ይፈራ ነበር» አለ።

«ዝማሬ የሞተ ዕለት… በኔ ውኃ?»

«ግራው አልያዘም። ለዚያ ነው የተንገዋለለችው። ደለሉን እኔ ነኝ የጠረግሁት።»

ውኃው አልቆ ማንቆርቆሪያው ባዶውን ተዘንብሎ ቀረ። ቄሰ ገበዝ ልጃቸውን ቀና ብለው አዩት።

«ያን ዕለት ታውቅ ነበር? ስናጠምቃት?»

«አውቅ ነበር።»

«ምነው ታዲያ አልነገርኸኝ?»

«ፈራሁ።»

«ማንን?»

«እርስዎን፣ አባ።»

ሕይወት ከሰፌዷ ተነሥታ መጥታ ከኋላቸው ቆማለች፤ ሁሉንም ሰምታለች። «አልጠጣም ብዬዎት ነበር» አለች፤ «ስንት ጊዜ ነገርሁዎ።» አልጮኸችም። ብትጮኽባቸው ይሻላቸው ነበር።

ቄሰ ገበዝ ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጡ፤ የደጀ ሰላሙን ደረጃ ወጡ፤ መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ። ሕዝቡ ቡራኬ መስሎት ራሱን ዝቅ አደረገ።

«ሕዝበ ክርስቲያን፣ ስሙኝ» አሉ። «ልጄ ዝማሬ ግዝት አላፈረሰም። አልጠጣም ነበር። ፍሬኑን ያሰነፈው ውኃ ነው፤ ውኃውን ያፈሰስሁትም እኔ ነኝ። ነፍሱን ሰጥቶ ሰው ያዳነን ልጅ ሰካራም ብዬ ስሙን ከጸሎት አወጣሁ። እናንተ ብታሙት ከኔ አይታችሁ ነው። ይቅር በሉኝ።» ድምፃቸው ሲሰበር ወደለመዱት ወደ ግእዙ ገቡ። «አዕርፍ እግዚኦ ነፍሰ ገብርከ ወልደ ሩፋኤል…»

ወልደ ሩፋኤል የዝማሬ የክርስትና ስም ነው፤ ነፍሱን አሳርፍ ማለታቸው ነው። ሴቶቹ እንደ ትናንት ሞት አዲስ ለቅሶ አነሡ። ወንዶቹ እየተገፋፉ ወደ ሰፌዱ ሄዱ፤ ንፍሮውን በጭብጥ እያነሡ «ነፍስ ይማር» አሉ። ወንድምአገኝ አባቱ የሱንም ስም እስኪጠሩ ጠበቀ፤ አልጠሩም። አንድ ጊዜ በሕዝቡ ራስ ላይ አዩትና ዓይናቸውን መለሱ። ጥፋቱን ብቻቸውን ተሸከሙት።

«እኔም አውቅ ነበር» አለ። ሲለው ግን ለቅሶው ደምቆ ነበር፤ ከሕይወት በቀር የሰማው የለም።

«ሰምቻለሁ» አለችው። እጇን ዘረጋች። «ተለዋጩን ቁልፍ አምጣ።»

ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ዓመት ሙሉ ያዘነላት የባሏ ወንድም ነው፤ ልጆቿን ያለበሰ፣ እህል የላከላት። እሱም ይህን ቢያስታውሳት አያፍርም ነበር፤ ግን ምን ብሎ? ቁልፉን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። «አትሸኘን» አለች። በላቸው ሞተሩን አስነሣ፤ ወባ ተንቀጠቀጠች። የአዲ አርቃይ ሰዎች እየሰጉም ቢሆን ተሳፈሩ። ሕይወት ዝማሬ ከነበረበት ወንበር አጠገብ፣ ከፊት፣ ተቀመጠች። ወደኋላ አላየችም።

መኪናዋ ከቅጥሩ ወጥታ ቁልቁለቱን ስትይዝ ወንድምአገኝ ወደ አፋፉ ጫፍ ሄደ። መንገዱ ከዚያ ላይ ሆነው ሲያዩት በጉሙ መሐል ብቅ ጥልቅ ይላል። ጥቂት ቆይቶ የበትር ድምፅ ሰማ፤ አባቱ መጥተው አጠገቡ ቆሙ። በመጀመሪያዋ ኩርባ ላይ የወባ ቀይ የፍሬን መብራት በራ።

«እኔ አይታየኝም» አሉ ቄሰ ገበዝ። «ያዘ?»

«ያዘ።»

መብራቱ ጠፋ፤ ጉም ዋጣት፤ ደግማ ወጣች። በቀጣይዋ ኩርባ እንደገና ቀላ።

«አሁንስ ያዘ?»

«ያዘ፣ አባ።»

ከዚያ ዝማሬ የሞተባት ሰፊዋ ኩርባ መጣች። ቄሰ ገበዝ አልጠየቁም። በትራቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ወደማያዩት ገደል ዞረው ቆሙ። ወንድምአገኝ መብራቱ ሲበራ አየ፤ መኪናዋ ሳትንገዋለል ቀስ አለች፣ ዞረች፣ ሄደች። እንዲህ ነበር የምትዞረው። ያን ዕለት አንዲት ቃል ተናግሮ ቢሆን እንዲህ ትዞር ነበር። ያዘ ለማለት አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ቃል አልነበረም። ዓመት ሙሉ የት እንደነበረ የማያውቀው ለቅሶ ነበር፤ እርጥቡ ሣር ላይ ቁጭ አለ።

ቄሰ ገበዝ ደንግጠው በዳሰሳ ትከሻውን ያዙት።

«ምነው? ምነው ልጄ፣ አልያዘም እንዴ?» አሉት። «ተናገር እንጂ! አልያዘም?»

ወንድምአገኝ ይዟል ብሎ ሊነግራቸው ፈለገ፤ ለቅሶው አላናግር አለው።